የመዶሻዬ ራስ በረረ፤ ለቤት ሥራ የሚሆን መዶሻ እንዴት ይመረጣል?

አዲሷ አዳሜ፦

ሰላም ለቤቱ። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ከተዛወርኩ ሦስት ወሬ ነው። ፍራንኮ አካባቢ፣ ትልቅ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ከነማድ ቤቷ ተከራይቻለሁ። ቤቷ ደህና ናት፤ ግን ያልላላ ነገር የላትም። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ አንድ ጠርዙ ተላቋል። የአዳማን ነፋስ የምታውቁ አትጠይቁኝም፤ ሌሊት ሲነሳ ቆርቆሮው ጧ… ጧ… እያለ እስኪነጋ ያስቆጥረኛል።

እናም መዶሻ ገዛሁ። ከገበያው ዳር፣ ሸራ ላይ ከተዘረጋ ዕቃ፣ በ250 ብር፣ የእንጨት እጀታ ያለው። የመረጥኩት በመልኩ ነው፤ ራሱ ጥቁር፣ እጀታው በቢጫ ቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ። ሁለት ሳምንት ያህል መስኮቱ ደፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከረመ። ያለፈው እሁድ አንድ የቲማቲም ሣጥን ልፈታ ተነሳሁ (አራት ባዶ የእንጨት ሣጥኖች ከአትክልት ነጋዴ ገዝቻለሁ፤ የጫማ መደርደሪያ ልሠራባቸው ነው)። ሦስተኛው ምት ላይ እጀታው እጄ ላይ ቀረ፣ ራሱ የለም። የት እንደገባ ያወቅኩት አከራዬ ሲጮኹ ነው። ልብስ የዘፈዘፉበት ሳፋ ውስጥ ወድቆ አረፋውን ፊታቸው ላይ ረጭቶታል። ተመስገን፣ ሰው አልነካም። እትዬ ድንጋጤው ሲለቃቸው «ቤቱን ነው ወይስ እኔን ነው የምታፈርሺው?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መዶሻ ሳይ ሆዴ ይርዳል።

አሁን በደንብ አውቄ ሌላ ልግዛ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው፦ ቆርቆሮውን መልሶ መምታት፣ ሣጥኖቹን ፈትቶ መልሶ መግጠም፣ ብሎኬቱ ግድግዳ ላይ ልብስ መስቀያ መምታት። ግድግዳው ላይ እስካሁን 11 ምስማር አጣምሜአለሁ፤ ልስኑ ብቻ ነው የረገፈው። ምን ያህል የሚመዝን ልግዛ? እንጨት ወይስ ብረት እጀታ? አውራ ጣቴስ እንዴት ይተርፋል? «ወንድ ጥሪ» የሚል መልስ አልፈልግም፣ ከወዲሁ።

ጨዋታ አዋቂ፦

ሦስት ምት መትቶ ራሱ የሚበር መዶሻ አይደለም፣ ወንጭፍ ነው። ለአናጺ ሁለት መቶ ብር ስጪና ሻይሽን ጠጪ።

አዲሷ አዳሜ፦

አናጺ ጠርቻለሁ ወንድሜ። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ካለኝ ዛሬ 16ኛ ቀኑ ነው።

የድሮ አናጺ፦

እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች፤ ፊደል ከጎደለ እሷን ተቆጧት።

እንዴት ዋልሽ ልጄ። ያ «ነገ እመጣለሁ» ያለሽ እኔ እንዳልሆንኩ በመጀመሪያ ልማል። ሠላሳ አራት ዓመት እዚሁ አዳማ በአናጺነት ኖሬአለሁ፤ ስጀምር ከተማው ገና ናዝሬት ነበር የሚባለው። አሁን ወገቤ እምቢ ብሎኝ መምከር ብቻ ነው የቀረኝ።

የመዶሻሽ ነገር ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የአዳማ ፀሐይም ነው። እጀታው በቅጡ ካልደረቀ እንጨት የተሠራ ይሆናል። አንቺ ደግሞ መስኮት ላይ አስጥተሽዋል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የብረቱ ቀዳዳ ግን ያው ነው። ሽብልቁም ይላላል። ሽብልቅ ማለት በመዶሻው አናት በኩል፣ እጀታው ጫፍ ላይ ተሰንጥቆ የሚገባው ቁራጭ እንጨት ወይም ብረት ነው። ብዙ ርካሽ መዶሻ ላይ ሽብልቁ በቀለም ተሸፍኖ አይታይም፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም። ስትገዢ አናቱን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊና እዪው።

አንድ ሰው መጥቶ «ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው» ይልሻል። አትስሚው። እውነት ነው፣ ሲነጋ ያበጠው እንጨት ጥርቅም ብሎ ይይዛል። ግን ያበጠው ብረት ውስጥ ታፍኖ ስለሆነ ጅማቱ ይደቀቃል። ሲደርቅ ከበፊቱም ያንሳል። ያንን መዶሻ ሁለተኛ ጊዜ ስትመቺበት ሳፋው ጋ አይቆምም።

ራሱ ጥሩ ብረት ከሆነ ግን አትጣይው። የወይራ እጀታ የሚጠርብልሽ ሰው ፈልጊ። ሲገጠም መምህሬ ያሳየኝን ልንገርሽ፦ እጀታውን ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ካስገባሽ በኋላ መዶሻውን የብረቱ ራስ ወደ ታች ሆኖ፣ አየር ላይ አንጠልጥለሽ ትይዢና የእጀታውን ቂጥ በእንጨት ትመቺዋለሽ። ራሱ ሳይነካ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ሳይ አስማት መስሎኝ ነበር። ከብዶ ባለበት ሲቆም እጀታው ነው ወደ ውስጡ የሚገባው። ከዚያ ሽብልቁ ይመታል፣ የተረፈው ይቆረጣል፣ በተልባ ዘይት ይታሻል። መስኮት ላይ ደግሞ አይቀመጥም።

አዲስ ልግዛ ካልሽ ክብደቱን አስቀድሚ። አንዳንዱ መዶሻ ላይ 16 ወይም 20 የሚል ቁጥር አለ፤ እሱ ኦውንስ ነው፣ የብረቱ ራስ ብቻ ሲመዘን። 16ቱ 450 ግራም ገደማ፣ 20ው 570 ግራም ገደማ ነው። ለቤት 16ቱ ይበቃል። 20ውን ቀኑን ሙሉ ትልቅ ጣውላ ለሚመቱ ልጆች ተይላቸው። እኔ ሰው ሳስገዛ እጀታውን ከመጨረሻው ጫፍ አስይዤ ክንዱን አስዘርግቼ ሃያ አስቆጥረዋለሁ። ሃያ ሳይሞላ እጁ ከወረደ ሌላ እናያለን። ባለሱቁ ይስቃል፤ ይሳቅ።

ሰው ሁሉ የመዶሻ ፊት ነው የሚያየው። እኔ መጀመሪያ የማየው ኋላውን ነው፣ መንቀያውን። ቤት ውስጥ የምትመቺውን ያህል ትነቅያለሽ፤ ጀማሪ ደግሞ ከሚመታው የሚነቅለው ይበልጣል፣ አንቺም 11 ነቅለሻል። ኪስሽ ውስጥ አንድ ቀጭን ምስማር ይዘሽ ሂጂ። ሁለቱ ጥፍሮች የሚገናኙበት ጥግ እስከ መጨረሻው መጥበብ አለበት፣ የውስጥ ጠርዙም ስል መሆን አለበት። ምስማርሽን እዚያ ጥግ አስገብተሽ ሳቢው። ነክሶ ከያዘው ደህና፤ እንደ ሳሙና ከሾለከ መዶሻውን መልሺለት። ርካሾቹ ላይ ጥጉ ሰፊና ድብልብል ነው፤ የበር ማጠፊያ ምስማር እንኳ አይዝም። ጥፍሩ ጎበጥ ያለውን ውሰጂ፤ ቀጥ ያለው ጣውላ ለመፈልቀቅ ነው የሚመቸው።

ፊቱን ወደ ብርሃን አዙረሽ ስታዪው መሐሉ በጣም ትንሽ ጉብ ያለ፣ ዳር ዳሩ የተሞረደ ይሁን። እንደ ወንፊት የተፈረፈረ ፊት ያለውም አለ፤ እሱን ተይው፣ እንጨት ላይ ማኅተም ያትማል፣ ጣትሽ ላይ ካረፈማ አልናገርም። እጀታው እንጨት ከሆነ ቂጡን ገልብጠሽ የእንጨቱን መስመር እዪ፤ መስመሩ መዶሻው ወደሚመታበት አቅጣጫ መሄድ አለበት። አግድም ከሄደ አንድ ቀን ይሰበራል። ቋጠሮ ካለበትማ ዛሬውኑ።

አመታቱን በሚቀጥለው፤ ልጄ እጇ ደከመ።

(ልጁ ነኝ። እጄ አልደከመም፣ ምሳ ቀርቦ ነው።)

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ከሀዋሳ ነኝ። ጋሼ ስለ እንጨት ያሉትን አከብራለሁ፤ ግን አንዴ ራሱ የበረረባት ልጅ እንደገና እንጨት ግዢ ማለት ይከብደኛል። አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣው ኤስትዊንግ የሚባል መዶሻ አለን፤ ኩባንያው በፈረንጆች 1923 የተቋቋመ ነው። ራሱና እጀታው አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ የሚበር ነገር የለውም። እኛ ቤት አጥር፣ የዶሮ ቤት፣ አልጋ፣ ሁሉም በሱ ነው የተመታው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፦ ገበያ ላይ የብረት ቱቦ እጀታ ኖሮት ላስቲክ የለበሰ አለ። አንዱን ገዝቼ ነበር። ሀዋሳ እንደምታውቁት ይሞቃል፣ እጅ ያልባል፤ ላስቲኩ እንደ ካልሲ መሾለክ ጀመረ። ከመግዛትሽ በፊት ላስቲኩን በሁለት እጅሽ ጠምዝዢው፤ ከዞረ አትግዢ። ፋይበር እጀታ ያለው ለኔ መካከለኛው ነው፤ አይደርቅም፣ እንደ ብረቱም እጅ አይነዝርም።

የድሮ አናጺ፦

የሐይቅ ዳር ልጅ ልክ ናት፣ አንድ ወጥ ብረት አይበርም። ግን ቀኑን ሙሉ ሲመቱበት ክርንን ይነዝራል። ለጫማ መደርደሪያ ግን ክርን አይደርስም። አጎት ያለው ይግዛው።

አሁን አመታቱ። ጀማሪ ሁሉ እጀታውን አንገቱ ጋ ነው የሚይዘው፣ ዶሮ እንደሚያርድ ሰው። ከታች ያዢው፣ ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይቅር። መጀመሪያ ምስማሩን ይዘሽ ቀስ ብለሽ መታ መታ ታደርጊዋለሽ፣ ብቻውን እስኪቆም። ሲቆም ጣትሽን አንሺ። ከዚያ በኋላ ነው ከክርንሽ የምትመቺው። ዓይንሽ የምስማሩ ራስ ላይ እንጂ መዶሻው ላይ አይሁን። መዶሻው ሲያርፍ እጅሽ ከምስማሩ ራስ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ከሆነ ፊቱ ተኝቶ ያርፋል፤ እጅሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ በጠርዙ ይነካና ምስማሩ ይቆለመማል። ምስማሩ ትንሽ ከሆነና ጣት የማያስይዝ ከሆነ በልብስ መቆንጠጫ ያዢው። ባለቤቴ ናት ያስተማረችኝ፤ እኔ ሃያ ዓመት ጣቴን ስመታ ኖሬ።

የቲማቲም ሣጥኑ ባህር ዛፍ ነው፣ ስስ ነው፣ ደርቋል፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ምስማሩን ከመምታትሽ በፊት ገልብጠሽ ሹል ጫፉን በመዶሻ ትንሽ ጠፍጠፍ አድርጊው። ሞኝነት ይመስላል አይደል? ሹሉ ጫፍ እንጨቱን እንደ ሽብልቅ ይከፍለዋል፤ የደነዘው ግን እየቀጠቀጠ ነው የሚገባው። ከጣውላው ጫፍ ራቅ ብለሽ ምቺ። ሁለት ምስማር አንድ መስመር ላይ አታሰልፊ፣ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ። ርዝመቱ ከስሱ ጣውላ ውፍረት ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ጣውላሽ 1 ሴንቲ ከሆነ ባለ 3 ሴንቲ ይበቃል።

ስትፈቺው በጥፍሩ ብቻ አትታገዪ። ጣውላውን ከጀርባው መታ መታ አድርጊው፣ ከነምስማሩ ትንሽ ይነሳል። ከዚያ ጣውላውን ብቻ መልሰሽ ወደ ታች ምቺው፤ የምስማሩ ራስ ብቅ ብሎ ይቀራል። አሁን ጥፍሩን አስገቢና ከመዶሻው ራስ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርገሽ ሳቢ።

ቆርቆሮው ላይ ነፋስ ባለበት ቀን አትውጪ። ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ማማዎች አይተሽ ወስኚ፣ ክንፋቸው የሚፈጥን ከሆነ ለነገ። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር። የቆርቆሮ ምስማር ባለ ቆብ ነው፤ የሚመታው ጉብታው ላይ እንጂ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም። አሮጌው ቀዳዳ ሰፍቷልና እዚያው አትምቺ፤ እዚያው ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት) ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብለሽ ጀምሪ፣ አሮጌውን ድፈኚው። ቆቡ ቆርቆሮውን ሲነካ አቁሚ። ሰው እልህ ይይዘውና ጉብታውን እስኪደፈጥጥ ይመታል፤ ያን ጊዜ ውሃ ይቋጥራል፣ ክረምት ላይ ድስትሽ ውስጥ ይገባል። ምስማሩ ምንም ሳይከብደው ጥልቅ ካለ ደግሞ እንጨቱን ምስጥ በልቶታል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የእትዬ ነው፣ ያንቺ አይደለም።

ሜካኒካል 4ኛ ዓመት፦

እዚሁ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጋሼ ያሉት ሁሉ በስሌትም ይወጣል፤ ሁለቱን ብቻ ልንካ።

አንደኛ፣ ከባድ መዶሻ ይሻላል ብለሽ እንዳትጓጊ። የመዶሻው ክብደት እጥፍ ቢሆን የምቱ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን አራት እጥፍ ነው። ቀለል ያለውን ፈጥነሽ መወርወር ከከባዱ ጋር ከመታገል ያዋጣል። አንገቱ ጋ አትያዢ የተባለውም ለዚህ ነው፤ እጀታው ሲረዝም ራሱ ይፈጥናል። ምስማር ሲነቀል ከመዶሻው ሥር የሚገባው ቁራጭ እንጨትም እንደዚሁ። ምስማሩ ከመደገፊያው 3 ሴንቲ ቢርቅ፣ እጅሽ ደግሞ 30 ሴንቲ ቢርቅ ጉልበትሽ በ10 ይባዛል። ምስማሩ ብቅ እያለ ሲመጣ ግን መዶሻው ይጋደምና ምስማሩን ወደ ጎን ያጣምመዋል፤ እንጨቱ ከፍ ስለሚያደርገው ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ግድግዳሽ። ማንም አልነካውም፣ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ልስን የለበሰ ብሎኬት ላይ ተራ ምስማር አይገባም፤ 11ዱ የተጣመሙት በአመታትሽ አይደለም። የኮንክሪት ምስማር አለ፣ ግን በዚህ መዶሻ አትምቺው። የመዶሻው ፊት በእሳት ተጠንክሯል፣ የኮንክሪት ምስማርም እንደዚሁ ጠንካራ ነው። ጠንካራ ከጠንካራ ሲጋጭ ፍንጣሪ ይበርራል። ተለማማጅ ሆኜ በሠራሁበት ጋራዥ አንድ ልጅ የተቀረቀረ ብረት ላይ መዶሻ አስቀምጦ በሌላ መዶሻ መታው። የሩዝ ፍሬ የምታክል ብረት ክንዱ ውስጥ ገባች፤ በቀዶ ጥገና ነው የወጣችው። ዓይኑ ቢሆንስ? መዶሻን በመዶሻ መምታት የለም፣ በቃ። ለልብስ መስቀያ ድሪል ተዋሺ፣ ቀዳዳ አውጪ፣ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ) አስገቢ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ እሰሪ። ሲበሳ የዓይን መከላከያ አድርጊ፤ የብሎኬት አቧራም አይምርም።

ጨዋታ አዋቂ፦

እኔ የምለው፣ ሻይ መጠጣቱ ቀርቶ ትምህርት ቤት ገባን እንዴ? (ግን የቂጡን መስመር አሁን ሄጄ አየሁት። የኔው አግድም ነው።)

አዲሷ አዳሜ፦

ከ10 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼን ከነጸሐፊያቸው።

ቀጭን ምስማር ኪሴ ውስጥ ይዤ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። አንደኛው ባለሱቅ ምስማሩን ሳወጣ «ምስማር ከቤትሽ ይዘሽ የመጣሽ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ነሽ» አለኝ። የሁለቱ ሱቆች መዶሻዎች ምስማሬን አልያዙትም። ሦስተኛው ጋ 16 የሚል የተቀረጸበት ባለ ፋይበር እጀታ አገኘሁ፤ በ700 ብር። ሃያ ስቆጥር ክንዴ 17 ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ግን አልወረደም፤ እንደ ማለፊያ ቆጠርኩት።

ቆርቆሮው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተመታ። መሰላሉን እትዬ ናቸው የያዙት፣ እየጸለዩ። በአራት ምስማር አለቀ፤ አንዱ ጉብታ ትንሽ ተደፍጥጧል፣ አልዋሽም። ያን ሌሊት ነፋሱ ነበር፣ ጧ ጧው አልነበረም፤ እንዲያውም ዝምታው ነው የቀሰቀሰኝ። ከአራቱ ሣጥኖች ሦስቱ መደርደሪያ ሆነዋል። አራተኛው የምስማሩን ጫፍ ማደንዘዝ ረስቼ ሲሰነጠቅ ማገዶ ሆኗል። የልብስ መስቀያው ድሪል እየጠበቀ ነው፤ ልብሴ አሁንም ወንበር ላይ ነው።

አውራ ጣቴ አንዴ ብቻ ተመትቷል፤ እሱም ስልክ ሲጠራ ቀና ስል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ እትዬ መዶሻውን ለአንድ ደቂቃ ብለው ከወሰዱት አራተኛ ቀኑ ነው። የዶሮ ቤት እየጠገኑበት ነው፤ መጠየቅ አፍሬአለሁ። ሁለተኛ፣ አንደኛው ሣጥን ላይ አንድ ዝገት የበላው ምስማር ስስበው ራሱ ተቆርጦ ቀረ። ዘንጉ ሁለት ሚሊ ያህል ብቅ ብሏል፣ ጥፍሩ የሚነክስበት ራስ የለውም። ምን ላድርግ?

የድሮ አናጺ፦

በጉጠት ነክሰሽ ያዢው፤ ፒንሳም ይሆናል፣ አፉ ስል ካልሆነ። ቀጥ ብለሽ አትሳቢ። ጉጠቱን ወደ ጎን እያንከባለልሽ አውጪው፣ ከሥሩ እንጨት አድርገሽ። እምቢ ካለ በሌላ ምስማር ጫፍ ወደ ውስጥ መትተሽ ቅበሪው፣ ማን ያየዋል።

መዶሻውን ደግሞ ጠይቂ። ዶሮ ቤቱን ሲጨርሱ አጥሩን ይጀምራሉ።